ሃምሳ ሎሚና የጭነት ዋጋ
ከባድ ዕቃ በኢንተርኔት ሲሸጥና ሲመለስ የማጓጓዣ ወጪን ስለመቀነስ፣ በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





የኅብረት ሥራ ዩኒየን ዋና ዓላማ የአርሶ አደሩን ምርት በተሻለ ዋጋ ለገበያ ማቅረብ እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ ይህ ገበያ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ጭምር ይገኛል። ገዢው በሩቅ አገር ሆኖ ቡናውን፣ ማሩንና ሰሊጡን በፎቶግራፍ አይቶ ይስማማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም ለእንዲህ ዓይነቱ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ውሉ በቅጽበት ቢፈጸምም ኩንታሉ በስልክ አይሄድም። በመንገድ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የሚቀነሰው ከአርሶ አደሩ የትርፍ ክፍፍል ላይ ነው። በመሆኑም የማጓጓዣ ሂሳብ ከሽያጩ በኋላ ሳይሆን ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ሊሠራ ይገባል።

አንደኛው ነጥብ ዕቃውን ከሚስማማው መጓጓዣ ጋር ማገናኘት ነው። አየር መንገዶች የሚያስከፍሉት በኪሎ ብቻ አይደለም። የጥቅሉ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ በአብዛኛው ለ6,000 ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ ክፍያው በእርሱ ይሆናል። ለምሳሌ በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ መሶብ 6 ኪሎ ቢመዝንም የሚከፈልበት እንደ 36 ኪሎ ነው። ቡና ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የሚከፈልበት በሚዛኑ ነው። ስለዚህ መሶብ ላኪ ቦታውን፣ ቡና ላኪ ክብደቱን ማስላት አለበት። ከሌሎች ላኪዎች ጋር ኮንቴይነር ተጋርቶ በባሕር ሲላክም 1 ቶን ከ1 ሜትር ኩብ ጋር ተነጻጽሮ በሚበልጠው ይከፈላል።

በአውሮፕላን መላክ የሚያዋጣው ዕቃው ከክብደቱ አንጻር ዋጋው እጅግ ከፍ ሲል ነው። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ውድድር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሸናፊዎቹ ቡናዎች በኢንተርኔት ጨረታ ሲሸጡ አንደኛ የወጣው በፓውንድ 185.10 ዶላር አውጥቷል። ይህም በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ቡና የአየር ጭነት ዋጋ ከሽያጩ ትንሽ እጅ ብቻ ነው። በኪሎ ጥቂት ዶላር ለሚሸጠው ቡና ግን ያው የአየር ዋጋ ትርፉን ጠራርጎ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ቡና የሚያዋጣው በኮንቴይነር፣ በባሕር ሲሄድ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ጭነትን ማሰባሰብ ነው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የማህበር ጥቅም በዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ለስሌት እንዲመች አንድ የጭነት መኪና 200 ኩንታል ይጭናል፣ ኪራዩም 40,000 ብር ነው ቢባል፣ ሞልቶ ሲሄድ በኩንታል 200 ብር ይደርሳል። አንድ ማህበር ብቻውን 50 ኩንታል ጭኖ ቢልከው ግን በኩንታል 800 ብር ይሆናል። መንገዱም መኪናውም ያው ነው። ልዩነቱ ባዶ የሄደው ቦታ ነው።

ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ያህል የቡና ጆንያዎችን፣ ማለትም 19.2 ቶን ይጭናል። አንድ መሠረታዊ ማህበር ይህን ያህል ባይኖረው፣ ጥራታቸውና ደረጃቸው ተመሳሳይ የሆነ ሦስት ወይም አራት ማህበራት በዩኒየኑ መጋዘን ተገናኝተው ሊሞሉት ይችላሉ። የቡና ውጭ ንግድ በብዛት የሚፈጸመው መርከብ ላይ እስከሚጫን ድረስ ያለውን ወጪ ሻጩ በሚሸፍንበት፣ ኤፍ.ኦ.ቢ. በሚባለው ውል ነው። የባሕሩ ኪራይ የገዢው ሲሆን፣ ከመጋዘን እስከ ጅቡቲ ያለው የሻጩ ነው። ስለዚህ ዩኒየኑ በራሱ ጥረት ሊቀንሰው የሚችለው የየብሱን ጉዞ ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብና ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለንግድ አገልግሎት የዋለው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር ከመኪና ኪራይ ጋር ሊነጻጸሩ የሚገባቸው አማራጮች ናቸው። ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ማፈላለግም ኪራይ ያቀልላል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመመለስ ጉዳይ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ የተመለሰ ከባድ ዕቃ መንገዱን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በዚህ ላይ የወደብ፣ የጉምሩክና የጫኝና አውራጅ ወጪ ይጨመርበታል። ከዚህ የተነሳ ባሕር የተሻገረ ቡና ጉድለት ሲገኝበት ከመመለስ ይልቅ በዋጋ ቅናሽ ወይም በግልግል ዳኝነት መጨረስ የተለመደ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጉድለቱ ከመጋዘን ሳይወጣ መታወቁ ነው። ከሚጫነው ቡና ላይ ናሙና ተወስዶ፣ ግማሹ ለገዢው ተልኮ፣ ግማሹ ታሽጎ በዩኒየኑ ዘንድ ይቀመጥ። ገዢው ናሙናውን በጽሑፍ ሳያጸድቅ ጆንያ አይንቀሳቀስ። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበት ከ12.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። እርጥብ ቡና በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ይሻግታል። ጥቂት መቶ ግራም ናሙና መላክ 19 ቶን ላይ ከሚነሳ ክርክር ያድናል።

አባላት በሚገዙት ዕቃም ላይ ጥንቃቄው ይኸው ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም የቡና መፈልፈያ በኢንተርኔት ሲታዘዝ፣ ቢበላሽ የመመለሻውን ኪራይ ማን እንደሚከፍል ከክፍያ በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ። ዕቃው ሲደርስ ሾፌሩ ሳይሄድ ሣጥኑ ይከፈት፣ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ ጉድለትም ካለ በመረከቢያው ሰነድ ላይ ይጻፍ። የንብረት ገቢ ደረሰኝ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሣጥኑና መደገፊያ እንጨቱ ዕቃው በአግባቡ መሥራቱ እስኪረጋገጥ አይጣሉ። የተበላሸው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነም ያ ክፍል ተፈትቶ ይላክ እንጂ ሙሉው ሞተር መንገድ አይውጣ። የፖስታ ጥቅል የሚቀበለው ክብደት በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ኪሎ ስለሆነ፣ የተፈታ ክፍል በፖስታ ሊሄድ ሲችል ሙሉው ሞተር ግን መኪና ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የማህበራቱ ሥራ ብቻ አይደለም። የወረዳ አስተዳደር ከምርት መሰብሰቢያ ወቅት በፊት የገጠር መንገዱን ካስጠገነ ትልቁ መኪና እስከ መጋዘኑ ይገባል። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ የማህበራቱን የርክክብ ቀን አቀናጅቶ ካወጣ ደግሞ ግማሽ ጎኑ ባዶ የሆነ መኪና አይንቀሳቀስም። የማህበራቱ ድርሻ ቀኑን አክብሮ፣ የተመዘነና የደረቀ ምርት ይዞ መገኘት ነው። ከአንድ ኩንታል ላይ የተረፈው 100 ብር በሺህ ኩንታል 100,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለጭነት ኪራይ ከመዋሉ ይልቅ በበዓል ዋዜማ ለአባላት ቢከፋፈል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ጣራም ቆርቆሮ ያለብሳል።

መልካም የምስረታ በዓል ይሁን!