መልእክተኛው ከከረጢቱ እንዴት ይወጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ፣ በሳይንስ ክፍል ከተማርነው አንዱን ነገር መርጠን ልናስረዳችሁ ወደድን። ነገሩ በዐይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ነው። ዳሩ ግን ያለ እርሱ እጃችሁ አያጨበጭብም፤ ዐይናችሁም አይጨፈንም።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንዱ የክፍል ጓደኛችን አጎት በባዶ እግሩ ሲያርስ እሾህ ወጋው። ቁስሉ ትንሽ ስለ ነበረ ማንም ከቁም ነገር አልቈጠረውም። ከሳምንት በኋላ ግን መንጋጋው ተቈለፈ፤ ጀርባውም እንደ ቀስት ተለመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «መጋኛ መታው» አለ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ዐረፈ። ጓደኛችንም «እንዲህ ያለ ቁስል ያን የመሰለ ብርቱ ሰው እንዴት ይጥለዋል?» ብሎ ጠየቀን። እኛም መልሱን መፈለግ ጀመርን።

አስቀድሞ ነርቭ ከነርቭ፣ ነርቭም ከጡንቻ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1921 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኦስትርያ አገር በግራትስ ከተማ ያስተምር የነበረው ኦቶ ሌቪ የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ ወስዶ፣ የአንደኛውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሰ፤ ልቡም አመታቱን አዘገየ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ በሁለተኛው ልብ ላይ ቢያፈስሰው፣ ነርቡ ያልተነካው ልብ ደግሞ አዘገየ። እንግዲህ ነርቭ የሚናገረው ኬሚካዊ መልእክተኛ በመላክ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህም ሥራ ሌቪ ከእንግሊዛዊው ከሄንሪ ዴል ጋር በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መልእክተኛው የሚጠብቀው በነርቭ ሕዋስ ጫፍ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ እጅግ ትንንሾች ከመሆናቸው የተነሣ 25,000 ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊሜትር አያልፍም። በእያንዳንዱም ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ የመልእክተኛው ሞለኪውሎች አሉ።

ችግሩ መውጫው ላይ ነው። የከረጢቱም የሕዋሱም ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው። በወጥ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ሲነካኩ አንድ ይሆናሉ፤ እነዚህ ሽፋኖች ግን ውሃ የሚወድ ፊት ስላላቸው ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። በግድ የሚያቀራርባቸው ኀይል ያስፈልጋል። ይህንም የሚሠሩ ስኔር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ከከረጢቱ በኩል ሲናፕቶብሬቪን የሚባለው አንድ ክር ይሰጣል፤ ከሕዋሱ ሽፋን በኩል ሲንታክሲን አንድ፣ ስናፕ-25 ደግሞ ሁለት ክር ይሰጣሉ። አራቱ ክሮች ከሩቁ ጫፋቸው ጀምረው እንደ ገመድ እየተገመዱ ሲሄዱ፣ ከረጢቱን ወደ ሽፋኑ ይጎትቱታል። ነርቡ ትእዛዝ ሲደርሰው ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ሲናፕቶታግሚን የሚባለው ፕሮቲን የካልሲየሙን መግባት ዐውቆ ሥራውን ያስፈጽማል። ያን ጊዜ ሁለቱ ሽፋኖች አንድ ይሆናሉ፤ በር ይከፈታል፤ መልእክተኛውም ይፈስሳል። ከካልሲየሙ መግባት እስከ በሩ መከፈት ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እጅ ያንሳል። በኋላም ሌሎች ፕሮቲኖች ገመዱን ፈትተው ክሮቹን ለሌላ ጊዜ ያዘጋጃሉ።

ይህን ምሥጢር የገለጡት ሊቃውንት የተጠቀሙባቸው ነገሮች ለእኛም እንግዶች አይደሉም። ራንዲ ሼክማን የዳቦ እርሾን መረመረ፤ ጄምስ ሮትማንና ባልደረቦቹ በ1993 እነዚህን ፕሮቲኖች ከከብት አንጎል ለይተው አወጡ፤ ቶማስ ሱድሆፍ ደግሞ የካልሲየምን ትእዛዝ አስረዳ። ሦስቱ በ2013 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። በቁስል ሲገባ መርዝ ይሠራል፤ መርዙም በነርቭ ውስጥ ተጕዞ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል። በዚያም ጡንቻን «አሁን ዕረፍ» ብለው ወደሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት ይገባና ሲናፕቶብሬቪንን ይቈርጠዋል። ይህ በ1992 ታወቀ። ከረጢቱ ሙሉ ነው፤ መልእክቱም ተዘጋጅቷል፤ የሚጎትተው ክር ግን ተቈርጧል። ስለዚህ የዕረፍት ትእዛዝ አይደርስም፤ ጡንቻዎችም ሳያቋርጡ ይኰማተራሉ። የጓደኛችንን አጎት ጀርባ የለመጠው መጋኛ አይደለም፤ ዕረፍት ያጣ የገዛ ጡንቻው ነው።

መርዙ አንድ ጊዜ ከነርቭ ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሰጠው መድኀኒት በዚያ አይደርስበትም። አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን መርዙን ገና በደም ውስጥ ሳለ ይይዘዋል። አገራችን ኢትዮጵያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንዳስወገደች ተመስክሮላታል። ነገር ግን ባክቴሪያው ከአፈር አልጠፋም፤ ቸል ካልን ይመለሳል።

ስለዚህ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ክትባቷን ትከተብ፤ የሕፃን እትብት በንጹሕ ምላጭ ይቈረጥ፤ በላዩም እበት አይቀባ። እሾህ የወጋው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ መንጋጋው እስኪቈለፍም ሳይቈይ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እኛም በዕረፍት ወራት ወደየአገራችን ስንመለስ ይህንኑ ለጎረቤቶቻችን ለመንገር ከጓደኛችን ጋር ቃል ተግባብተናል።