ፕራግ የተጠለሉት የሥዕለ አድኅኖ ሊቅ

በፈረንጆቹ 1920 ከኦዴሳ ከሸሹት ስደተኞች መካከል የ75 ዓመቱ አዛውንት ኒኮዲም ኮንዳኮቭ ነበሩ፤ ሩሲያዊ የባይዛንታይን ሥነ ጥበብ ሊቅ። በሶፊያ በኩል አድርገው በ1922 ፕራግ ገቡ፤ በቻርልስ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ።

ዘዴያቸው ሥዕልን ከሥዕል ማመሳከር ነው። ማርያም በእጇ ወደ ልጇ ታመለክታለች? ወይስ ጉንጯን ከጉንጩ አስጠግታለች? ከእጅ አቀማመጥ ተነሥተው የሥዕሉን የዘር ሐረግ ከቁስጥንጥንያ እስከ ሩሲያ ይከተሉታል። ለጸሎት በተሣለ ሥዕል ፊት እንዲህ መመራመር ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ አክብሮት አየዋለሁ።

ኮንዳኮቭ በ1925 አረፉ። ተማሪዎቻቸው ግን አልተበተኑም፤ በስማቸው የጥናት ማኅበር አቋቁመው መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ቼካዊው ተመራማሪ ዮሴፍ ሚስሊቬትስ አካቲስቶስ የተሰኘውን የማርያም ምስጋና ሥዕሎች ያጠናበት ጽሑፍ የወጣው በዚሁ መጽሔት ላይ ነው፤ በ1932።