ስለ ወታደር ደብዳቤ ለዕድራችን አባሎች የተደረገ ንግግር



በወር ስብሰባችን ላይ የተናገርነውን «በሰሌዳው ላይ ለጥፉልን» ያላችሁን ብዙ ስለሆናችሁ፣ ላልመጡትም እንዲደርስ ብለን እነሆ አውጥተነዋል። እኛ ጸሐፊያችሁ ከ6ኛ ክፍል አላለፍንምና የቃላት ስሕተት ብታገኙ በትዕግሥት እለፉን።

ጉዳዩ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠው የወታደር ደብዳቤ ነው።

እንደምታስታውሱት በ1983 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን ኢሕአዴግ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ያለውን ውጊያ ከፈተ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጎጃምና ጎንደር ከደርግ እጅ ወጡ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ፤ ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት ፈረሰ። ከዚያ ውስጥ እጁን የሰጠ አለ፣ መሣሪያውን ጥሎ በእግሩ አገሩ የገባ አለ፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠረው ደግሞ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱን መዝግቦ ወደየቀየው የሚመልስ ኮሚሽን ተቋቋመ።

በዚያን ጊዜ የክፍለ ጦር ቁጥር የተጻፈበት አድራሻ ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። እናት «ለልጄ» ብላ የላከችው ወረቀት ተቀባይ የለውም፤ ልጁም ከየት ሆኖ እንደሚጽፍ አያውቅም። ስለዚህ ደብዳቤ የሚሄደው በሰው እጅ ሆነ። ከመተማ መንገድ የመጣ ሰው ለጎንደር ያደርሳል፤ ከጎንደር በመኪና ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ በገበያ ቀን ጃን አሞራ ወይም በየዳ የሚመለስ ገበያተኛ ከጨውና ከቡናው ጋር በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ይወስደዋል። ደርሶም አላበቃም፤ የሚያነብ መፈለግ አለበት። መሠረተ ትምህርት የተማሩት እናቶች እንኳ የማተሚያውን ፊደል እንጂ የእጅ ጽሕፈቱን መለየት ይቸግራቸው ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። በ1984 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እኛ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበርን፤ በሰፈሩም ደብዳቤ አንባቢ ነበርን። አንድ ቀን ከሱዳን በእግሩ የመጣ የቀድሞ ወታደር ለአንዲት ጎረቤታችን የልጃቸውን ደብዳቤ አመጣ። ተጠርተን ሄድን። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ» ብለን ጀመርን፤ ሰላምታውን ሁሉ አነበብን። መካከል ላይ ስንደርስ «እግሬን ተመትቻለሁ» ይላል። ቀና ስንል እኒህ እናት ገና ከሰላምታው ጀምሮ ያለቅሳሉ። ፈራን። ያንን ክፍል ዘለልነውና ወደ መጨረሻው ሄደን «ደኅና ነኝ፣ አታስቢ» የሚለውን አነበብን። ቡናው ተፈላ፣ እልል ተባለ፣ ለእኛም ቆሎ ተዘገነልን።

ልጁ አልመጣም። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ።

ባለፈው ዓመት እኒሁ እናት ደብዳቤውን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ዕድሩ ቢሮ መጡ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይችን ወረቀት እንደገና አንብብልኝ። ያኔ ዓይንህ ስትዘል አይቼሃለሁ» አሉን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቀው ዝም ብለዋል ማለት ነው። አነበብን። በዘለልነው ክፍል ውስጥ ልጁ እግሩን መመታቱን ብቻ አልነበረም የጻፈው። «መራመድ ስለማልችል ከጥምቀት በፊት መተማ ድረስ በቅሎ ይዞ የሚመጣ ሰው ላኪልኝ» ይላል።

እኛ መሬቱ ቢውጠን በወደድን። እሳቸው ግን ብዙ ቆይተው «አየህ፣ እኔኮ እናቱን እንዴት አይጠራኝም ብዬ ነበር የተቀየምኩት። ለካ ጠርቶኛል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ይቅርታ ጠየቅን፤ «ልጅ ነበርክ» አሉን። ይኸ ንግግር የመጣው ከዚያ ቀን ነው።

አሁን ወደ ዕድሩ ሥራ እንመለስ። በደንባችን ሞቱ ሳይረጋገጥ ዕድር አይደርስም። ስለዚህ ልጃቸው በ1983 የጠፋባቸው አባሎቻችን ድንኳንም ሳይተከልላቸው፣ ለቅሶም ሳይደረስላቸው ቀርተዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 154 ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰንለት ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይፈቅዳል። እዚህ ላይ «ወሬው የተሰማበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?» የሚለው ዋና ጥያቄ ይሆናል። ቀን ያለበት ደብዳቤ ትልቅ ማስረጃ ነው። አሮጌ ወረቀት አትበሉት።

በሌላም አገር እርስ በርስ ጦርነት ሲያልቅ ሰውን አገሩ ያስገባው ወረቀት ነው። በአሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ጄኔራል ሊ ለጄኔራል ግራንት እጁን የሰጠው በደብዳቤ ተጻጽፈው ነው። ግራንት የተሸነፉት ወታደሮች ፈረስና በቅሏቸውን ይዘው ለእርሻ እንዲገቡ ፈቀደ፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳይነካቸውም ለየአንዳንዱ መሸኛ ወረቀት ታተመ። በአገር ውስጥ ጦርነት የተያዘ ሰው ደብዳቤ መጻፍና መቀበል እንዲፈቀድለት የሚያዘውን የ1977 የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ሀገራችን የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ቀይ መስቀልም ሳይታሸግ የሚሄድ፣ የቤተ ሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት የመልእክት ወረቀት አለው። በ2013 በጀመረውና በ2015 ጥቅምት 23 ቀን በፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው ጦርነት ስልክ ሲቋረጥ እንዳየነው፣ ወረቀት ጊዜው አላለፈበትም።

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ይጠይቃል፦

1ኛ/ ደብዳቤ ያለው አባል ከነፖስታው ያስቀምጥ። ፖስታው ላይ ማኅተምና ቀን ይኖራልና አይጣል። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁት፣ በኩራዝና በጢስ አጠገብም አታስቀምጡት።

2ኛ/ ማንበብ የሚቸግረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሮ ይምጣ። ከባለቤቱ ጋር ብቻ ተቀምጠን እናነባለን። አንድ መስመር አንዘልም።

3ኛ/ የማንም ደብዳቤ በሰሌዳ ላይ አይወጣም። በደብዳቤ ውስጥ የሰው ስም በክፉ ተነሥቶ ቢገኝ ከቢሮው አይወጣም።

4ኛ/ የደርግ ወታደር ነበረ፣ የኢሕዴን ታጋይ ነበረ፣ የኢሕአፓ ነበረ ብለን አንለይም። በአንድ ግቢ ሁለት ወንድማማች በሁለት ወገን የተሰለፉበት ሰፈር ነው ያለን። የሁሉም እናት በአንድ ዕድር ነው የምትከፍለው።

እኒያ እናት የዕድር ገንዘብ አልጠየቁም። «ተዝካሩን ላውጣለት» ብቻ ነው ያሉት። ኮሚቴው ደብዳቤውን ተመልክቶ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ እንዲሰጣቸው ወስኗል። ቀኑ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይነገራል። በ1984 ሰው ሳይላክለት የቀረው ልጅ ነውና፣ አሁን ሁላችንም እንሂድለት።



የዕድሩ ጸሐፊ