ስለ ላላ የመኪና መሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ መኪና መሪ ነው። ይህ ለጋራዥ እንጂ ለተማሪ ማኅበር የሚሆን ርእስ አይደለም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ፣ ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን የተያያዘ ሰው፣ የላላ መሪ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃል። በሜዳ ላይ የሚያሰለች ብቻ ነው፤ ጉም በወረደበት ጠመዝማዛ፣ በአንድ ወገን ገደል በሌላው የጭነት መኪና ሲመጣ ግን ነፍስን የሚጠይቅ ነገር ነው።

ክፋቱ ቀስ በቀስ መላላቱ ነው። ልጓም የላላባት በቅሎ ያለችው ሰው ክንዱን አርዝሞ መሳብ እንደሚለምድ ሁሉ፣ ነጂውም ከመሪው ልልነት ጋራ ይላመዳል። ስለዚህ መኪናውን አልፎ አልፎ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማስነዳት ጥሩ ምርመራ ነው። መኪናው በቀጥታ መንገድ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ በኮረኮንች ላይ በዝግታ ሲሄድ ከፊት ቋ ቋ ሲል፣ የፊት ጎማ በአንድ ጠርዙ ብቻ ሲበላ፣ መጠርጠር ይገባል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚስብ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ የጎማውን ንፋስ አስለኩ፤ ስንቱ ሰው ይህን ሳያደርግ ዕቃ ገዝቷል!

ከመሪው ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ታይሮድ የሚባለው ዘንግ ነው። በጫፉ ላይ በግራሶ የታሸ ኳስ በቤቱ ውስጥ ይዞራል፤ በላዩም ላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩ ሲቀደድ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ገብቶ ኳሱን ይበላዋል።

ለምርመራው ሁለት ሰው ይበቃል። ጎማዎቹ መሬት እንደ ረገጡ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ይወዝውዝ፤ ሁለተኛው እጁን በየመጋጠሚያው ላይ ያሳርፍ። ዘንጉ ቀድሞ ጎማውን የያዘው ብረት ዘግይቶ ከተከተለ፣ የተበላው ያ መጋጠሚያ ነው። ቀጥሎም በደልዳላ ቦታ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አስደግፎ መኪናውን በክሪክ ማንሣትና በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ጎማው ግራና ቀኙን ተይዞ ሲወዘወዝ ቢንቋቋ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የታይሮድ ነው። ከላይና ከታች ተይዞ ቢንቋቋ ግን ኩሽኔታውን ወይም ቦል ጆይንቱን ተጠራጠሩ፤ ጓደኛችሁ ፍሬን ረግጦ ልልነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው።

የታይሮዱን ጫፍ ለመለወጥ ጎማው ይወልቃል፤ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ አሮጌው የቆመበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። መቆለፊያ ሽቦው ወጥቶ ዳዶው ከተፈታ በኋላ፣ ኳሱ የተሰካበትን ብረት ጐኑን በመዶሻ መምታት ያላቅቀዋል፤ ጥርሱን መምታት ግን ሥራውን ያበላሻል። (ክሪክም ዳዶም የጣርማ በርን ዋሻ በወረራው ዘመን ከሠሩት ኢጣልያኖች ቋንቋ የቀሩልን ቃላት ናቸው።) አሮጌው ሲፈታ ስንት ዙር እንደ ዞረ ቍጠሩ፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ይግባ። የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ጥቂት ማጥበቅ እንጂ መልሶ ማላላት አይገባም፤ ሽቦውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ዕቃውን በተመለከተ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋራ አልስማማም። ከሶማሌ ተራ አሮጌ በር ወይም መብራት መግዛት ብልኅነት ነው፤ አሮጌ ኳስ መግዛት ግን የሌላውን ሰው ልልነት መግዛት ነው። የተበላውን በብየዳ መሙላትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ እሳቱ ብረቱን ስለሚያደክመው ሳያስጠነቅቅ ሊሰበር ይችላል። የመሪውን ሳጥን ግን በቤት አትፍቱት፤ ለባለሙያ ተዉት።

ዙር መቍጠር የጎማውን አቅጣጫ ወደ ቀድሞው ያቀርበዋል እንጂ አያስተካክለውም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ያላቸው ርቀት በአላይመንት መሣሪያ መለካት አለበት፤ እስከዚያ ድረስ መኪናውን በከተማ ውስጥ በዝግታ ንዱት እንጂ ወደ አንኮበር አትውጡበት።