ከጎኑ የወረደው አስተማሪ

 

የጋበዙኝ ሰዎች «የአካባቢያችን ልጅ ነዎት፤ ሆሳዕና ድረስ ከመጡ ለምሩቃኑ ስለ በረራ ይንገሯቸው» አሉኝ። የምትመረቁት ግን መምህራን ናችሁ። እኔም ዕድሜዬ ያለቀው በረራ በማስተማር ስለሆነ ብዙ አንራራቅም።

በእኛ ሙያ ሶሎ የሚባል ቀን አለ። አስተማሪው ከተማሪው ጋር ሲነሣና ሲያርፍ ይቆይና ቀበቶውን ፈትቶ ይወርዳል። «በል፣ ብቻህን ዞረህ ና» ይለዋል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ ተማሪ ያለ አስተማሪ ቁጥጥር ወይም ፈቃድ ብቻውን አይበርም። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም አስተማሪው ከኃላፊነቱ አልወረደም ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ጎበዝ ነበር። የሚማርባት ትንሽ ሴስና በሶሎው ቀን ከለመደው በላይ ፈጥና ወጣች፤ ዞሮ ሲመለስ ደግሞ አላርፍ አለችው። ማኮብኮቢያው ላይ ተንሳፈፈች፣ ከዚያ ነጠረች። ደንግጦ አፍንጫዋን ወደ ታች ገፋ፤ ይብስ ነጠረች፤ በመጨረሻ ፕሮፔለሯ አስፋልቱን መታ። ልጁ ምንም አልሆነም። አስተማሪው ግን እየሮጠ ደርሶ «ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ!» እያለ በጓደኞቹ ፊት አዋረደው።

ይህን ሲመለከቱ የቆዩ አንድ አንጋፋ አስተማሪ ቀስ ብለው ቀረቡና «አንተ ስንት ኪሎ ነህ?» ብለው አስተማሪውን ጠየቁት።

«ሰማንያ» አለ።

«ሰማንያ ኪሎ ከአውሮፕላኗ ሲወርድ ምን እንደሚለወጥ ነግረኸዋል?»

መልስ አልነበረውም።

እንደ ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር አየሩ ስስ ነው። የሀምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ የወጣችሁ የከምባታ ልጆች ትንፋሻችሁ ይመሰክራል። ሞተሩም ክንፉም በስስ አየር ይደክማሉ፤ ሁለት ሰው የጫነች ትንሽ አውሮፕላን እየተንፏቀቀች ነው የምትወጣው። ተማሪው የሚያውቃት እንዲህ አድርጎ ነው። አስተማሪው ሲወርድ ትቀላለች፤ ቶሎ ከፍ ትላለች፤ በለመደው ፍጥነት ለማረፍ ሲመጣ ደግሞ ትንሳፈፋለች። ከነጠረች መፍትሔው ኃይል ሰጥቶ እንደገና መነሣትና ዙሩን መድገም ነው። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱን ደቂቃ የነፈገ አስተማሪ፣ ጥፋቱን በልጁ ስም ሲመዘግብ እኔ አልስማማም። እርግጥ ተነግሮት እምቢ ያለ፣ ከታዘዘው ዙር ወጥቶ በሰፈሩ ላይ ዝቅ ብሎ ሊታይ የሄደ ተማሪ አለ፤ እሱ የራሱን ይሸከም።

አስተማሪውን በታሪካችንም ፈልጉት። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ያበረራትም ፈረንሳዊ ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አብራሪ ሆኑ፤ ካፒቴን አለማየሁ አበበ በ1957 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዳችንን ሲ-47 በአዛዥነት አበረሩ። ሁለቱንም በኩራት እናነሣቸዋለን፤ ይገባቸዋል። አምኗቸው ከጎናቸው የተነሣውን አስተማሪ ግን ስሙን የሚጠራ አላጋጠመኝም። ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ልጆቼ፣ መስከረም ላይ ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም፣ ግምቢቹም ትመደባላችሁ። አንዲት ተማሪያችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሰሌዳ ፊት ቆማ ስትሳሳት «ሰነፍ ናት» ለማለት አትቸኩሉ። ከመውጣቷ በፊት ምን ነግራችኋታል? የት ላይ እንደምትደናገር እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ ነበር? መጀመሪያ ይህን ራሳችሁን ጠይቁ።

እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ነባር መምህራንንም ልውቀሳችሁ፤ በፍቅር ነው። በየትምህርት ቤቱ ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ የመጣውን ልጅ ክፍል አስገብቶ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ቆይቶ፣ ነጥብ ሞልቶ የሚፈርም አለ። አየር ላይ እንዲህ ብንፈርም ሰው ይሞታል። ክፍል ውስጥ የሚሞት ባይኖርም፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ተዋርዶ ሙያውን የጠላ ልጅ አርባ፣ ሃምሳ ተማሪ ይዞ ዓመታት ይቀመጣል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የፕራክቲከም መገምገሚያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ መምህሩ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ለተለማማጁ ምን እንደነገረው በእጁ ይጻፍበት፣ ይፈርምበት። ነጥቡ ከዚያ በኋላ ይሞላ። የኮሌጃችሁ ዲን እዚህ አሉ፤ ሰምተውኛል። ለመጪው መስከረም ይድረስልኝ።