ሃምሳ ሎሚ፦ በአዲስ አበባ አረንጓዴ ሥፍራዎች አብሮ ስለ መጓዝና አብሮ ስለ መብላት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሰዎች በአንድ ጠዋት ተሰባስበው በእግር ወደ ደን ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ከቤቱ ስንቅ ይይዛል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያመጡትን በአንድነት ይበላሉ፤ ከዚያም ይመለሳሉ። ለዚህ ደግሞ ንግግር ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ከተማሪዎቼና ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ስጀምረው እንዲሁ አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ግን አሳፈረኝ። ዛሬ የማካፍላችሁ ከዚያ እፍረት የተማርሁትን ነው።

አስቀድሜ ስለ ሥፍራው ጥቂት ልበል። ከዚህ ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን ቀና ብንል እንጦጦን እናያለን። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ወደ ታች ወርዶ አዲስ አበባ ተብሎ ሲስፋፋ በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። የእንጨት እጥረቱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከተማውን በቦታው ያጸናው በዚያ ዘመን ከውጭ የመጣው ዛፍ ነው ይባላል፤ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፦ ባሕር ዛፍ። እንግዲህ ዛሬ በእንጦጦ የምንራመድበት ደን በአብዛኛው ሰው የተከለው፣ ለማገዶ ሲባል የበቀለ ደን ነው። በምዕራብ በኩል በሚገኘው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ደግሞ ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር በመተባበር አገር በቀሉን ዕፅ ለመመለስ ይሠራሉ፤ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ጥቁር እንጨቱን እዚያ ማየት ይቻላል። ይህን የማነሣው አረንጓዴ ሥፍራ ስንል ሰው ያልነካው ምድር ማለታችን እንዳልሆነ ለማሳሰብ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ስለ ማዕዱ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ መብላትም ሆነ መምከር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሰንበቴው ማዕድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ዕድሜ በጠገቡ ዛፎች አጠገብ ይዘረጋል፤ የኦሮሞ አባቶች በኦዳ ጥላ ሥር ይመክራሉ፤ በየመንደሩ ዋርካው የሸንጎ ቦታ ነበር። ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅም ዕውቀቱ በእጃችን ነው፦ በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ደግሞም በቆዳ ተለብጦ እንጀራና ወጡን ሳያፈስስ የሚያደርሰው አገልግል። እኔም ስጀምር፣ ባህሉ ስላለን ነገሩ በራሱ ይሄዳል ብዬ ተዘናጋሁ።

በማስታወቂያው ላይ «ሁሉም የሚበላ ነገር ይዞ ይምጣ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። መንገዱ መልካም ነበር፤ ጨዋታውም እንዲሁ። ምንጣፉ ሲዘረጋ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዲት ባልደረባዬ ሌሊት ተነሥታ የሠራችውን ዶሮ ወጥ በአገልግል አምጥታ ነበር። ሙስሊም ተማሪዎቻችን በትሕትና አመስግነው ፈቀቅ አሉና ያመጡትን ዳቦና ሙዝ ለብቻቸው በሉ። የእነርሱን መገለል ያዩ ሌሎችም ዶሮውን ለመንካት አፈሩ። ባልደረባዬ አገልግሏን ከግማሽ በላይ እንደ ሞላ ይዛ ተመለሰች። ማንም ማንንም አላስቀየመም፤ ሁሉም ግን ተቀይሞ የሄደ ይመስል ነበር።

ከዚህ የከፋውን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። በማደሪያ የሚኖር አንድ ተማሪ ደኑ በር ላይ ስንደርስ «የረሳሁት ጉዳይ አለ» ብሎ ተመልሶ ነበር። ለምን እንደ ቀረ ስጠይቀው ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፦ «መምህር፣ እርስዎ ይዞ ይምጣ ብለው ነበር፤ እኔ የያዝሁት ነገር አልነበረም» አለኝ። በማደሪያ ማብሰያ የለም፤ የወሩ ገንዘብም ካለቀ አልቋል። እኔ ለማቀራረብ ብዬ የጻፍሁት ቃል ይህን ልጅ ከበር መለሰው።

ይህን ነገር ብዙ አሰብሁበት። በእኛ ዘንድ ትልቁ መሰናክል ንፉግነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የሌለው ሰው የለኝም አይልም፤ ይቀራል። የማይበላው ነገር የቀረበለትም አልበላም አይልም፤ ጠግቤአለሁ ይላል። አዘጋጁ ሰው ቀረ ብሎ ያዝናል እንጂ ያስቀረው ራሱ መሆኑን አያውቅም። ቀደምቶቻችን ግን ይህን ያውቁ ነበር። የማኅበርን ሥርዓት ተመልከቱ፦ ድግሱ በተራ ነው፤ ተረኛው ወሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይሰናዳል፤ ተራው ያልደረሰው ባዶ እጁን ቢመጣ ማንም አይታዘበውም፤ ነገ የእርሱ ተራ ነውና። የእድሩ መዋጮ ለሁሉም እኩል የሆነውም ሀብታምና ድኻ በአንድ ድንኳን ያለ ሐፍረት እንዲቀመጡ ነው። እኔ ከባህሉ ማዕዱን ወስጄ ሥርዓቱን ትቼው ነበር።

እናታችን ወይም አያታችን ስትተርተው ያልሰማን የለንም፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይህ ተረት አብዛኛውን ጊዜ ለመተባበር ይጠቀሳል። እኔ ግን አሁን የማነብበው በሌላ በኩል ነው፤ ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሲደርሰው ነው። አንዱ አሥር፣ ሌላው ባዶ ከያዘ ጌጥነቱ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለውጠናል።

አንደኛ፣ መዋጮው ሦስት ዓይነት ሆነ፤ ሦስቱም እኩል ናቸው። የበሰለ ምግብ ማምጣት አንድ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ማምጣት አንድ ነው። ውኃ መሸከም፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ማስታጠብና ቆሻሻ ሰብስቦ መመለስም አንድ ነው። ማን ምን እንደሚያዋጣ የሚያውቀው አንድ መዝጋቢ ብቻ ነው። ሰው ከመቀመጡ በፊት ሁሉም ምግብ ምንጣፉ ላይ ይደረደራል፤ «ይህ የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ያ ከበር የተመለሰው ተማሪ ዛሬ መዝጋቢያችን ነው።

ሁለተኛ፣ የጋራው ማዕድ የጾም ምግብ ሆነ። ኦርቶዶክሳዊው ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀንና ሌሎቹን አጽዋማት ሲቆጥር ብዙውን የዓመቱን ክፍል ከሥጋና ከወተት ይከለከላል። በሌላ በኩል ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት ግን ማንንም አያስቸግርም፤ አዚፋውና ፍትፍቱ ደግሞ ሳይሞቅ የሚበላ በመሆኑ ለመንገድ ይመቻል። በየሳህኑ አጠገብ ምን እንዳለበት በቁራጭ ወረቀት እንጽፋለን፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው አለና። በረመዳን የምሳ ጉዞ አናደርግም፤ ጾመኛን ሽቅብ አስወጥቶ ውኃ በፊቱ መጠጣት ነውር ነው። አንድ ባልደረባዬ ይህን ተቃውሞ፣ ልዩነትን መሸሸግ እንጂ መቀራረብ አይደለም ብሎኛል። አስተያየቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማንም እምነቱን ከቤቱ ትቶ እንዲመጣ አልጠየቅንም። እንዲያውም ሁለቱም ሥርዓታቸውን እንደ ጠበቁ ከአንድ ገበታ የሚቆርሱበትን ቦታ ፈልገን አገኘን። የዶሮዋ ባለቤት አሁን የምታመጣው አዚፋ ነው፤ ከአገልግሏ ተርፎ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ መንገዱን የምንመርጠው በደካማው አቅም ነው። በእንጦጦ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ዳገቱን ያልለመደ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ከፊት መንገድ የሚያውቅ፣ ከኋላም ማንንም ቀድሞ የማያልፍ አንድ ሰው እናስቀምጣለን፤ ፍጥነታችን የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። በክረምት ጭቃው ስለሚያንሸራትት ዋናው ጊዜያችን ከመስከረም በኋላ ነው። እሳት አናነድድም፤ ዘይት ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ደርቆ መሬት ላይ ሲከማች ቶሎ ይቀጣጠላልና። ቡናው ከቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይመጣል። ጅብ ያለበት ተራራ ስለሆነም ሳይመሽ እንወርዳለን። የመግቢያ ክፍያ ባለበት ሥፍራ ክፍያውን አስቀድመን ጠይቀን ከጋራ መዋጮ እንሸፍናለን፤ በር ላይ ኪስ የሚዳብስ ሰው እንዳይኖር።

አሁን በጅማሬዬ ወዳቆየሁት ነጥብ ልመለስ። ወደ እንጦጦ ስንወጣ በዚያው መንገድ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ገበያው ይወርዳሉ። ለእኛ መናፈሻ የሆነው ለእነርሱ የሥራ ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች እኛ በጨዋታ ተጠምደን መንገዱን ሞልተን ስንሄድ እነርሱ ከነሸክማቸው ወደ ገደሉ ጠርዝ ይወጡልን ነበር። ይህን ያስተዋለችው አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እናቷ በዚያ ሥራ እንዳሳደገቻት የነገረችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ መላው ቡድን ከመንገዱ ወርዶ ይቆማል።

ስንበላም በአጠገባችን ሰው ሲያልፍ «እንብላ» እንላለን። ይህ ቃል በአገራችን ብዙ ጊዜ ለወጉ ይባላል፤ መልሱም «ብሉ» ነው፤ ሁለቱም ወገን አብሮ እንደማይበላ ያውቃል። እኛ ግን የምንለው ቦታ ለቅቀን፣ እጅ መታጠቢያውን ውኃ አንሥተን ነው። አብዛኞቹ አመስግነው ያልፋሉ፤ ሸክም አውርዶ መልሶ ማንሣት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። አንዳንድ ቀን ግን አንዷ ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ስለ ደኑ የምትነግረን፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደ ተቆረጠ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ በክፍል ውስጥ ከማስተምረው ብዙውን ያርማል። ይህ ኑሮዋን እንደማይለውጥ አውቃለሁ፤ የእግር ጉዞ የማገዶን ችግር አይፈታም። ሆኖም ስለ ደን ጥበቃ በምናጠናበት ጠረጴዛ ላይ የእርሷ ቃል አለመኖሩን አስታውሶናል። ሁለት ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ ከዚያ ምንጣፍ ላይ አግኝተዋል።

ውድ ተማሪዎች፤ የየራሳችሁን ጉዞ ለመጀመር ገንዘብም ፈቃድም ብዙ አያስፈልጋችሁም። አንድ ምንጣፍ፣ የታወቀ መንገድና ከኋላ የሚሄድ ትዕግሥተኛ ሰው ይበቃል። ማስታወቂያውን ስትጽፉ ግን እኔ የጻፍሁትን አትጻፉ። «ያላችሁን ይዛችሁ፣ የሌላችሁም እጃችሁን ይዛችሁ ኑ» በሉ።

የፊታችን ጉዞ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዋናው በር ይነሣል።