ስለ ጥላቻና ስለ ትዕግሥት ወሰን
(በኢዮቤልዩ በዓል የተሰጠ ንግግር)



ደብራችን የቅዱስ እስጢፋኖስ ነውና ነገሬን ከእርሱ እጀምራለሁ። እርሱ በሸንጎ ቆሞ አለቆቹን በጽኑ ቃል ገሠጸ፤ በድንጋይ ሲወግሩት ግን ስለ ወጋሪዎቹ ለመነ። ሲገሥጽ አልጠላም፤ ይቅር ሲልም እውነትን አልሸሸገም። ራሱም አይሁዳዊ ነበርና፥ ሞቱን አይሁድን ለመጥላት ምክንያት የሚያደርግ ሰው የሰማዕቱን ጸሎት ያፈርሳል።

ይህንንም ሥርዓት ከኦሪት ተምሮታል። በሌዋውያን ምዕራፍ 19 ወንድምን በልብ መጥላት ተከልክሎ፥ በዚያው ቃል ባልንጀራን መገሠጽ ታዝዟል። የአይሁድ ሊቃውንትም በታልሙድ እንደሚያስተምሩት፥ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ የፈረሰው ሕዝቡ ሕግ እየተማረና እየመጸወተ ሳለ ያለ ምክንያት እርስ በርሱ ስለ ተጣላ ነው። ደግሞም የወዳጅህን እንስሳ ጭነት ማራገፍና ጠላትህን ማስጫን በአንድ ጊዜ ቢገጥሙህ፥ ክፉ ፈቃድህን ትገዛ ዘንድ ጠላትህን አስቀድም ይላሉ። ጌታችንም ጠላትን መውደድ አዝዞ ሕጉን ፈጸመው።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በዚሁ በወሎ፥ በቦሩ ሜዳ፥ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ተደርጎ የተዋሕዶ ሃይማኖት ጸና። ከዚያም የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ሐሳብ አገሪቱን በሃይማኖት አንድ ማድረግ ነበር። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ዐፄ ዮሐንስም ክርስትና አነሧቸው። ሌሎች ግን ተሰደዱ፤ ሼኽ ጠልሐን ተከትለው የሸፈቱም ነበሩ፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው የኖሩም አልታጡም። መጽሐፍን በመጽሐፍ መርታት ይቻላል፤ ልብ ግን በአዋጅ አይጠመቅም።

እንግዲህ የትዕግሥት ወሰን ወዴት ነው? ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው እንድንል አልታዘዝንም፤ ስሕተት የመሰለንን በትምህርት እንመልስ። በጎረቤቱ ላይ እጁን የሚያነሣውን፥ የጸሎት ቤት የሚያቃጥለውን ዝም ብሎ ማየት ግን ትዕግሥት አይባልም። የእኛም ወገን ቢሆን የሌላ ለዳኛ ይሰጥ። ዳኛውም በሥራው ይፍረድበት፤ የልቡን ምሥጢር ለእግዚአብሔር ይተው። እኛም ራሳችንን እንመርምር፤ ሰሙ ቅንዓት ሆኖ ወርቁ ጥላቻ የሆነ ስብከት አለና።

ወንድሞቼ፥ በወሎ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል፤ በሥጋም የተዛመደ ብዙ ነው። ኢዮቤልዩ በኦሪት ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነበር። በዚህ በዓል እያንዳንዳችን በልባችን ያሰርነውን አንድ ሰው እንፍታ፤ ነገ ማለዳም ሄደን ሰላም እንበለው።